ጂምኒንና ዳስተርን ስናወዳድር ጎማ ከጎማ እንለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ርካሽና ጠንካራ የፊልድ መኪና በተጻፈ ቁጥር ሱዙኪ ጂምኒና ሬኖ (ዳቺያ) ዳስተር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (ፎር ዊል፣ ማለትም አራቱም ጎማ የሚነዳ) ሆነው ይገኛሉ። በመጠን ግን አይገናኙም። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገዢው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ያገለገለ መኪና ስለሆነ፣ ልዩነቱን ከመግዛቱ በፊት ቢያውቅ ይበጀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ባለ ሦስት በር ጂምኒ ከኋላ የተሰቀለው ስኮርታ ተጨምሮ 3.65 ሜትር ግድም ነው፤ ከመጀመሪያው ቪትዝ እምብዛም አይረዝምም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የመጀመሪያው ዳስተር 4.3 ሜትር ይሆናል። ፕራዶ ደግሞ ዳስተርን በግማሽ ሜትር ገደማ ይበልጠዋል።

ሻጭ ቀድሞ የሚጠራው ቁጥር ከመኪናው ሆድ እስከ መሬት ያለው ክፍተት ነው። በዚህ ጂምኒና ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ዳስተር እኩል ናቸው፤ 21 ሳንቲሜትር። መጠየቅ ያለበት ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ነው። ጂምኒ ላይ 2.25 ሜትር፣ ዳስተር ላይ 2.67 ሜትር ነው። የአፈር ክምር ሲሻገሩ ቀድሞ ሆዱ የሚነካው ረጅሙ ነው። ማስረጃው ራሱ ጂምኒ ነው፦ ባለ ሦስት በሩ 28 ዲግሪ ጉብታ ሆዱ ሳይነካ ያልፋል። ባለ አምስት በሩ በ34 ሳንቲሜትር ሲረዝም ግን ወደ 24 ወርዷል፤ ክፍተቱ ያው 21 ሆኖ ሳለ።

ጭነት ላይ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ባለ ሦስት በሩ ጂምኒ አራት ሰው ብቻ ይይዛል። ወንበሮቹ ካልታጠፉ ከኋላ የሚቀረው 85 ሊትር ነው፤ ሁለት የተማሪ ቦርሳ ከገባ በሩ በግድ ይዘጋል። ሰውና ዕቃ ተደምሮ የሚሸከመው ከ350 ኪሎ አይበልጥም። 70 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች 280 ስለሚሆኑ፣ ላዩ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ፖርቶ መጋላው ላይ ማሰር ከአቅሙ በላይ ነው። ዳስተር አምስት ሰው ይዞ፣ ባለ አንድ ዲፈረንሻሉ 475፣ ባለ ሁለቱ 408 ሊትር ቦታ ይሰጣል። ልዩነቱ የኋላ ዲፈረንሻሉና የተለየው የእግር አሠራር የወሰዱት ቦታ ነው። ለቤተሰብ፣ በእኔ ፍርድ፣ ዳስተር ይሻላል።

ጭቃው ከባድ ከሆነ ግን ጂምኒ ሌላ መኪና ነው። ሻንሲ (ከቦዲው የተለየ የብረት መሠረት) አለው፣ የፊትም የኋላም አክስሉ ድፍን ነው (ግራና ቀኝ ጎማው በአንድ ወጥ አካል የተያያዘ)፣ ጉልበቱን እጥፍ የሚያደርግ ሎው (ዝቅተኛ የማርሽ ክልል) አለው። ሎው የሚገባው መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ፎሌ (ኒውትራል) ላይ ሆኖ ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ መሐል ዲፈረንሻል ስለሌለው ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል መንዳት አይገባም፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማ ይበላል፣ ካምቢዮው ይወጠራል። ዳስተር ሎው የለውም፤ አጭር አንደኛ ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ጎማው ጭቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከተሽከረከረ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ክላች ይግልና ራሱን ለመከላከል ኋላውን ይለቃል።

ከፍታም አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የጂምኒ 102 የፈረስ ጉልበት አዲስ አበባ ላይ 80 አካባቢ ይሆናል፤ ሞልቶ ዳገት ሲወጣ ይህ በደንብ ይታወቃል። ተርቦ ያለው የዳስተር ናፍጣ እንደዚያ አይደክምም።

ያገለገለ ሲገዙ ዳስተር ሥር ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሻፍት መኖሩን ማየት የግድ ነው፤ ብዙዎቹ የፊት ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው። ጂምኒ ላይ የፊት ጎማ ሃብ (ጎማውን ከሚነዳው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው) በቫኪዩም፣ ማለትም በአየር መሳብ፣ ስለሚቆለፍ የአየር ቱቦው ሲሰነጠቅ የፎር ዊል መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የፊት ጎማም ጉልበት አያገኝም። ይህን ለመፈተሽ ኮረት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሮ ቀስ ብሎ መንዳት ነው፤ መኪናው የተያዘ ያህል ካልከበደ ፊቱ አልገባም። ፍጥነት ሲጨምር መሪው ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሻጭ ዋናውን ችግር ሳይነካ የመሪ ዳምፐር (ንዝረት የሚያለዝበውን ዕቃ) ብቻ ቀይሮ መሸጡ የተለመደ ነው። ጎማው ባላንስ ይደረግ፣ ቴስቲናው (የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያው)፣ ጎሚኒዎቹ (የእግር ላስቲኮቹ) እና የፊት እግር የኪንግ ፒን ኩሽኔታ (ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት) ይታዩ፤ የዋጋ ድርድሩ ከዚያ በኋላ ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ