እግርሽ መሬት አይልቀቅ

የኔ እናት እንዴት ነሽ፣ እኛ ደህና ነን። አጎትሽ ትናንት ማታ ደውሎ «አትደንግጥ» ብሎ ጀመረ፣ አትደንግጥ ሲባል ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ዳንስ ቤት ወድቃ እጇ ጄሶ ታስሯል ሲለኝ የታየኝ ሶፋ ላይ ስትዘይ የተሰበረው ጥርስሽ ነው። ለምን ለኛ አልደወልሽም? እሺ አልቆጣም። ግን እግርሽ መሬት አይልቀቅ።

ሊንዲ ሆፕ የሚባለው ዳንስ ነው ሲለኝ ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። ስንት አመት ታክሲ የነዳሁት የተወለደበት ሰፈር አይደል እንዴ፣ የኒው ዮርኩ ሀርለም፣ ሌኖክስ አቬኑ ላይ 140ኛና 141ኛ መንገድ መሀል። ሳቮይ የሚባለው የዳንስ አዳራሽ እዛ ነበር፣ በፈረንጅ 1926 ተከፍቶ 1958 ተዘጋ፣ አፍርሰው መኖሪያ ህንጻ ሰሩበት። እዛው ጎረቤት የነበረው ኮተን ክለብ ጥቁሮቹን መድረክ ላይ እንጂ ወንበር ላይ በማይፈልግበት ዘመን ሳቮይ ጥቁሩም ነጩም አንድ ወለል ላይ ነው የሚጨፍረው፣ መድረኩ ደግሞ ሁለት ስለሆነ አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፣ ላብ የሚጠረግበት ጊዜ የለም።

አንቺ ገና ኪንደርጋርተን ሳለሽ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሳፈርኩ፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ከዘራ ይዘዋል። ከየት ነህ አሉኝ፣ ኢትዮጵያ ስላቸው «ጣሊያን ሲወራችሁ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሰፈራችን ሳንቲም አዋጥቶላችኋል» አሉኝ። ሌኖክስ ስንደርስ «ሁለት ደቂቃ አቁምልኝ፣ ወጣት ሆኜ የጨፈርኩት እዚህ ነው»፣ የሳቮይ መታሰቢያ ድንጋይ አለ እሱን ሊያዩ። እኔ መኪናውን ለሺፍት የማስረክብበት ሰዓት ደርሶ «እዚህ ማቆም አይቻልም» አልኳቸው። ይቻል ነበር። ዝም አሉ። ሲወርዱ ቲፕ ሁሉ ሰጡኝ፣ እሷ ቲፕ ናት እስከዛሬ የምታቃጥለኝ።

ምን ልልሽ ነበር... አዎ። አንቺን የጣለሽ መገለባበጥ በዛው ጣሊያን በወረረን በፈረንጅ 1935 ሳቮይ ውድድር ላይ ፍራንኪ ማኒንግ የሚባል ልጅ ያመጣው ነው፣ ፍሪዳ ዋሽንግተን የምትባለዋን አጣማሪውን በጀርባው አሻግሮ በእግሯ አሳረፋት። ግን ተለማምደው ነው! አብሮሽ የጨፈረው ልጅ ስንት ቀን ተለማመደ? አጎትሽ ሁለት ቀን ነው ይላል። ሁለት ቀን በተማረ ሰው ጀርባ ላይ አይወጣም፣ እግርሽ መሬት አይልቀቅ አልኩሽ። ደግሞ ያ ፍራንኪ ራሱ የስዊንግ ሙዚቃ ጊዜ ሲያልፍ ፖስታ ቤት ገብቶ ከ30 አመት በላይ ሰርቷል፣ ስለዚህ ስራዬን ለቅቄ እጨፍራለሁ የምትይውን ነገር እንዳልሰማ። በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ወጣቶች ፈልገው አግኝተውት እንደገና ማስተማር ጀመረ፣ ጎበዝ ሰው ነበር፣ ይሄን እንኳ አልክድም።

አሁን ስሚኝ። ጣትሽ ካበጠ ቀለበቱን ዛሬውኑ አውልቂ፣ የአያትሽ ቀለበት በመጋዝ ሲቆረጥ ማየት አልፈልግም። የኢንሹራንስ ካርድሽን ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በአንድ እጅ መኪና እንዳትነጂ። እናትሽ ወጌሻ ፈልጉላት እያለች ነው፣ እሷን አትስሚያት፣ የአጥሚቱን ዱቄት ግን ሰው አግኝተን ልከናል፣ ባትወጂውም ጠጪው።

ጄሶው ሲፈታ ነይ። ሌኖክስ ላይ መኪናዬን አቆማለሁ፣ ትኬትም ይጻፉብኝ፣ ድንጋዩን እስክታዪ እጠብቅሻለሁ። እዛው አስፋልት ላይ ትንሽ ታሳዪኛለሽ፣ እግርሽ ግን መሬት እንዳይለቅ።

አባትሽ