ህዳር 29 ከመደገሱ በፊት ዶርሙ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ዩኒቨርሲቲዎች ለህዳር 29 ሽር ጉድ የሚሉት ብዙውን ጊዜ አዲስ ገቢው ተማሪ የዶርም ጓደኞቹን ስም በቅጡ ሳይዝ ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 የጸደቀበት ይህ ዕለት ከ1999 ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ይከበራል። በግቢ ውስጥ ግን በዓሉ የባህል ልብስ፣ ጭፈራና ንግግር ሆኖ ይቀራል። በማግስቱ ልብሱ ወደ አከራዩ ይመለሳል፤ ተማሪውም ካፌ ውስጥ እንደ ትናንቱ ቋንቋ ለቋንቋ ተመራርጦ ይቀመጣል። ይህን የምንጽፈው በዓሉ ይቅር ለማለት አይደለም። በዓሉ በየዓመቱ የሚበላሽባቸውን ነገሮችና ገንዘቡ ቢውልበት የሚያዋጣውን ሥራ፣ በቅርብ የምናየውን ያህል ለማካፈል ነው።

ከምግቡ እንጀምር። ህዳር 29 የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ጾሙ ህዳር 15 ይገባል። እንዲያም ሆኖ «የየብሔረሰቡ ምግብ» ተብሎ ክትፎ፣ ጩኮና ቅቤ የጠገበ ቡሪሳሜ ይደረደራል፤ የሚጾመው ተማሪም ዳር ቆሞ ያያል። ሥጋ ከመጣ ደግሞ የማን እርድ ነው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ሙስሊሙ የክርስቲያን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም እርድ አይበላምና ሁለት ትሪ ለይቶ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ሁሉ መለየት አለበት። አንዱ ጭልፋ በስህተት ወደ ሌላው ድስት ከገባ ሁለቱም ወገን ማዕዱን ይተዋል፤ ቅሬታውም ለሳምንት ይወራል። የኛ ምክር ማዕዱ በሙሉ የጾም ይሁን የሚል ነው። ቆጮ ያለ ቅቤ በጎመን ይቀርባል፤ ጨጨብሳ በዘይት ይታሻል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አዚፋ፣ ንፍሮና ቆሎ ሁሉም እጁን ይዘረጋበታል። ዘይቱ ግን ሥጋ ባልነካ መጥበሻ ይሁን። ወጪውም በግማሽ ያህል ይቀላል ብለን እናምናለን።

ቡናው ላይ የሚረሳው ስሌቱ ነው። አንድ ጀበና 10 ሲኒ ቢወጣው፣ 300 ሰው አቦል ብቻ ለማጠጣት 30 ጀበና ያስፈልጋል። ቡና የሚያፈላ አንድ ሰው ተቆልቶና ተወቅጦ በተሰናዳ ቡና እንኳ በሰዓት ከ4 ወይም ከ5 ጀበና በላይ አያደርስም። ስለዚህ አንድ ረከቦት መድረክ ላይ አስቀምጦ «የቡና ሥነ ሥርዓት» ከማለት፣ 6 ወይም 7 ረከቦት ውጭ ሣሩ ላይ ዘርግቶ ተማሪው ዙሪያውን ቢቀመጥ ይሻላል። አዳራሽ ውስጥ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ አስም ያለበትን ያስወጣል። ስኳር፣ ጨውና ጤና አዳም ለየብቻ ይቅረቡ፤ ቡናውን በጨው የሚጠጣና በስኳር የሚጠጣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጨዋታው ራሱ ከዚያ ይነሳል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን እንላለን፦ በየዓመቱ ለቡናው የሚመለመሉት ሴት ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ፈተና እያለባቸው ከንጋት ጀምረው ይደክማሉ። ወንዶቹም ይቁሉ፣ ይውቀጡ።

ሰዓትም ያስቀይማል። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሰላት ነው፤ ቅዳሜ አድቬንቲስቶች፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ ሌሎቹ ክርስቲያኖች አምልኮ ላይ ናቸው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወይም ሐሙስ ከ10 ሰዓት ወዲህ ሁሉም ይገኛል። ልምምዱ ከሚድ ፈተና ጋር ከተገጣጠመ ጎበዙ ተማሪ ይቀራል፤ የሚመጣው በየዓመቱ የሚመጣው ነው።

ወደ መድረኩ ስንመጣ፣ 16 ቡድን በ5 ደቂቃ 80 ደቂቃ ነው፤ በመካከሉ መግቢያና መውጫ 2 ደቂቃ ቢወስድ 30 ደቂቃ ይጨመራል። በዚህ ላይ የ40 ደቂቃ ንግግር ከተደረበ መጨረሻ የሚወጡት ቡድኖች ለባዶ ወንበር ይጨፍራሉ። መጨረሻ የሚሰለፉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑት ናቸው። ንግግሩ ሁሉ ተደምሮ ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ ተራውም በዕጣ ይውጣ። ዘፈኖቹ ሁሉ ቀድመው በአንድ ፍላሽ ላይ በተራ ቁጥር ይጫኑ፤ ድምፃቸውም አንድ በአንድ ይለካ። በየስልኩ የመጣ ዘፈን አንዱ ሲጮህ አንዱ አይሰማም፤ ድምፁ ያልተሰማለት ቡድን ሆን ተብሎ የተደረገበት ይመስለዋል።

ልብሱ ከኪራይ ቤት ሲመጣ ስህተቱ ይበዛል፤ ያገኙትን ሽርጥ ሁሉ ለአፋርም ለሶማሌም ያለብሳሉ። ጊሌ የሚባለው የአፋር ቢላዋ፣ ጦርና ዱላ በር ላይ ጥበቃው ይይዛቸዋል፤ ልጆቹም ተዋርደን ገባን ይላሉ። ከሦስት ቀን በፊት ለጥበቃ ክፍል ዝርዝሩን በደብዳቤ ማሳወቅ ወይም ከእንጨት የተሠራ መጠቀም ይህን ያስቀራል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ግጥሙ ነው። በፉከራ፣ በሽለላና በጌረርሳ ውስጥ የጎረቤትን ሕዝብ በጠላትነት የሚጠሩ የቆዩ ስንኞች አሉ። በሠርግ ቤት ማንም ልብ የማይለው ስንኝ 3 ሺህ ተማሪ በተሰበሰበበት ሜዳ ድንጋይ ያስነሳል። እያንዳንዱን ግጥም ቋንቋውን የሚችሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከቡድኑ ውጭ የሆነ፣ ከሳምንት በፊት ይስሙት። ማታ አያምሽ፤ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ይጠናቀቅ።

ምዝገባውም ይታሰብበት። «ብሔር» የሚል አንድ ባዶ ቦታ ያለው ፎርም፣ እናቱ ከወላይታ አባቱ ከጎንደር የሆነውን ተማሪ ከሁለት አንዱን ካድ ይለዋል። ከግቢው አንድ ብቻ የሆነችውን የሙርሲ ወይም የኮሞ ልጅ ደግሞ ሳትወድ የሕዝቧ ሁሉ ወኪል ያደርጋታል። ከዚህም የከፋ አለ፦ በብሔር የተለየ የስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከቆየ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚፈለግ ሰው ማግኛ ይሆናል። በ2012 በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች መሞታቸውን፣ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን ማንም አልረሳም። ምዝገባው በሙያ ይሁን፦ ክራር የሚመታ፣ የሚጨፍር፣ የሚያበስል፣ ተረት የሚያውቅ። የጉራጌን ጭፈራ የአኙዋኩ ልጅ ተምሮ ቢጨፍረው ደግሞ ምን ይከለክላል?

አሁን ወደ ዶርሙ። ምደባው በስም ፊደል ተራ ወይም በትምህርት ክፍል ሲሆን በአጋጣሚ አምስት አንድ ቋንቋ የሚናገሩና አንድ ብቸኛ ተማሪ አንድ ክፍል ይገባሉ። ያ ብቸኛ ልጅ ጨዋታው ሁሉ በላዩ ያልፋል፤ በወሩ ቅያሬ ይጠይቃል፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሩም አዝኖለት ወደ አገሩ ልጆች ያዛውረዋል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ በሁለተኛው ሴሚስተር ብሎኩ በቋንቋ ተከፍሎ ይገኛል። ስድስት ሰው ለሚይዝ ክፍል ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት አድርጎ መመደብ ይሻላል፤ ማንም ብቻውን አይሆንም፣ ማንም አይበዛም። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮክተሩ ክፍል በክፍል ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል? የሱብሂ ሰላት ማንቂያ ከስንት ጊዜ በላይ አይጮህም? መዝሙርና ስብከት በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፣ የጽዳት ተራው ይጻፍ። ቋንቋን በተመለከተ የሚሠራው ስምምነት ይህ ነው፦ እያንዳንዱ በቋንቋው እንደልቡ ያውራ፤ ክፍሉን የሚመለከት ነገር ሲሆን ግን ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ይነገር። የቅያሬ ጥያቄ ሲመጣም ምክንያቱ ይመዝገብ። ከአንድ ብሎክ በሳምንት ሦስትና አራት ጥያቄ ከመጣ የሆነ ነገር እየተብላላ ነው፤ የተማሪዎች ዲን የዚያኑ ዕለት ይውረድ።

አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ ልጅ መምህሩን «አንተ»፣ ሴቷን ተማሪ ደግሞ «አንተ ነይ» ሲል እንደ ስድብ ወይም እንደ መሳቂያ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን አይስቅም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ ሁለት ሁለት ተማሪ ሆኖ የቋንቋ ልውውጥ ቢደረግ ይህ ይቃለላል። 20 ደቂቃ በአንዱ ቋንቋ፣ 20 ደቂቃ በሌላው፤ ደወል ይደወል፣ አለዚያ ሁልጊዜ አማርኛው ይውጠዋል። አማርኛ ተናጋሪውም ይሳሳት፣ ይታረም። በአፋን ኦሮሞው ፊደል በቁቤ አናባቢው ሲደገም «ለፈ»፣ መሬት የነበረው፣ «ላፋ»፣ ለስላሳ ይሆናል። አማርኛው ደግሞ «ገና» ብሎ ጽፎ ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ትርጉም ይሰጥና ባዕዱን ተማሪ ግራ ያጋባል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ችግር በዚህ መጠን ካየ በኋላ በአነጋገር መቀለድ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚፈልገው ሁለት የመማሪያ ክፍል፣ አንድ አስተባባሪና ጠመኔ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረትና የባህል ማዕከላት የዘንድሮውን በጀት ሲያቀርቡ ከልብስ ኪራዩ ግማሹን ለፕሮክተሮች ሥልጠናና ለቋንቋ ልውውጡ እንዲያዞሩ፣ ከምዝገባ ፎርሙም «ብሔር» የሚለውን ቦታ እንዲያወጡ እንጠይቃለን። ፎርሙ የሚባዛው በጥቅምት ነውና ደብዳቤያችን ከዚያ በፊት ቢወጣልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
በተማሪዎች አገልግሎት ሥራ ላይ የተሰማራን አንባቢዎች