ስፒና መቀየር ቮልት መቀየር አይደለም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴ ከተማ በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በቅርቡ አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን አሮጌ የስቴሪዮ አምፕሊፋየር በጋቢ ጠቅልለው፣ በባጃጅ አስጭነው ወደ ሱቄ ይዘው መምጣታቸው ነው። ከእኔ በፊት ያየው ሰው ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን ስፒና ቆርጦ በእኛው ክብ ጥርስ ተካና «ተስተካክሏል» ብሎ መለሰላቸው። ዕቃው ግን በጀርባው እንደተጻፈው የሚቀበለው 120 ቮልት ብቻ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰኩት ፊውዙ ተቃጠለ፤ ያም በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሰውየው ግን ፊውዙን በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መለሰው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰኩት ቤቱ በጭስ ታፈነ።

የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን፣ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ሆኖ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል 50፣ በምዕራቡ 60 ኸርዝ ነው። ለ120 ቮልት የተጠመጠመ ትራንስፎርመር 220 ሲገባበት ብረቱ ከሚችለው በላይ መግነጢስ ይሞላበትና ጥምጥሙ ያለ ልክ ከረንት መሳብ ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣውም ቮልት ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ያብጣሉ፣ አንዳንዴም ይፈነዳሉ፣ የድምፅ ማውጫ ትራንዚስተሮቹም አብረው ይሄዳሉ። የወይዘሮዋ ዕቃ የደረሰበት ይኸው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የገባለት ሰው ስፒናውን ከመንካቱ በፊት ጀርባውን ያንብብ። ሳንሱይም ሆነ ፓዮነር ወይም ማራንትዝ፣ ለብዙ አገር ገበያ የተሠሩት ሞዴሎች በጀርባቸው ወይም በውስጣቸው 110፣ 120፣ 220 እና 240 የሚል የቮልት መምረጫ ሊኖራቸው ይችላል። መምረጫ ካለው ዕድለኛ ነው፤ ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ መምረጫው ወደ 220 ይዞራል፣ ፊውዙም አብሮ ይቀየራል። በ120 ቮልት 4 አምፔር ፊውዝ የነበረው በ220 ወደ 2 አምፔር ገደማ መውረድ አለበት፤ ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ ከፊውዙ ማቀፊያ አጠገብ ተጽፏል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ፦ በአንዳንዶቹ ጀርባ ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካባቸው ትናንሽ ሶኬቶች አሉ፤ አምፕሊፋየሩ ወደ 220 ሲዞር ከእነርሱም የሚወጣው 220 ስለሚሆን፣ በ120 የሚሠራ ማጫወቻ የሰካባቸው ሰው ማጫወቻውን ያቃጥለዋል።

መምረጫ የሌለው ዕቃ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አቅሙ ዕቃው ከሚወስደው ቢያንስ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ጀርባው ላይ 220 ዋት ለተጻፈበት እኔ ከ500 ቮልት አምፔር (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) በታች አልሰጥም። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ተብለው የሚሸጡት ቀላል የኤሌክትሮኒክስ መቀየሪያዎች ለአምፕሊፋየር አይሆኑም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ 100 ቮልት የሚል የጃፓን አምፕሊፋየር ከአንድ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር 110 መውጫ ላይ ሰክቼ፣ «አሥር ቮልት ምን ያደርገዋል» ብዬ ለባለቤቱ አስረከብሁ። የእኛ መስመር ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ፣ ወደ 240 ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ግብዓቱን በግማሽ ብቻ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያን ጊዜ 120 ይሰጣል፤ ይህም ዕቃው ከሚፈልገው በ20 በመቶ ይበልጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ፤ ዕዳውን የከፈልሁት እኔ ነበርሁ። ለጃፓን ዕቃ በትክክል ወደ 100 የሚያወርድ ይፈለግ።

ኸርዙን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ለ60 ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር በ50 ሲሠራ ጠንከር ያለ ሙቀትና ማጉረምረም ሊያሳይ ይችላል። ችግሩ የሚከፋው በሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ሞተሩ ኸርዝ የሚከተል ከሆነ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የሚገባው ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፤ እኛ ወሎዎች በባቲና በአምባሰል ቅኝት ያደግን ሰዎች ደግሞ ዘፋኙ ሲጎተት ወዲያው ይገባናል።

ሳጥኑ ብረት ሆኖ ሁለት ሽቦ ብቻ ይዞ የመጣ ዕቃ፣ አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ የተሳለበት የድርብ መከላከያ ምልክት ከሌለው፣ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ገብቶለት የመሬት ሽቦው ከሳጥኑ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ይህም የሚጠቅመው የቤቱ መስመር እውነተኛ መሬት ሲኖረው ነው። መሬት የለም ተብሎ ሳጥኑን ከኒውትራል፣ ማለትም ከመመለሻው ሽቦ፣ ጋር ማገናኘት ግን ሰው ይገድላል፤ የእኛ ስፒና ተገልብጦም ስለሚሰካ ኒውትራል የተባለው ሽቦ በቅጽበት ፌዝ፣ ማለትም የሚነዝረው ሽቦ፣ ሊሆን ይችላልና።

ዳንቴል አልብሶ ማስቀመጥም ይቅር፤ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሙቀት መውጫ ናቸው። መብራት ሲጠፋም ዕቃው ይነቀል፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፦ ዓመታት ተዘግቶ የከረመ ዕቃ በቀጥታ አይሰካ። ባለ 100 ዋት የጥንቱን ባለ ክር አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ አገናኝታችሁ አብሩት፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ እንደበራ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። የሳጥኑን ውስጥ ከመንካታችሁ በፊትም ዕቃውን ነቅላችሁ ካፓሲተሮቹን በካቻቢቴ ሳይሆን ከረንት በሚገታ ሬዚስተር አራግፉ፤ ከተነቀሉ በኋላም ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ለአምፖሉ ፍተሻ የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል አይሠራም፤ ባለ ክሩ ከገበያ እየጠፋ ስለሆነ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ካለ እንዳይጣል አደራ እላለሁ። እኔ የቀሩኝ አራት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ፣ ከደሴ