«ቲንከረር»ን «ነካኪ» ስለማለት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ወጣት የፈጠራ ሰዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ቲንከረር» (ዕቃ እየፈታና እየገጠመ የሚሞክር ሰው) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ነካኪ» ተብሎ መተርጎሙ አሳዝኖኛል። ነካኪ በእኛ አነጋገር እጁ የማያርፍ፣ ደህናውን ዕቃ የሚያበላሽ ሰው ነው።

የቃሉ መነሻ «ቲንከር» ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ጓዙን ተሸክሞ ከመንደር መንደር እየዞረ የተበሳ ድስትና ማንቆርቆሪያ የሚጠግን ሰው መጠሪያ ነበር፤ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮም በመዛግብት ይገኛል። የቋንቋ ሊቃውንት ገሚሶቹ «ቲን» ከሚለው የቆርቆሮ ስም፣ ገሚሶቹ ደግሞ መዶሻው ብረቱን ሲመታ ከሚያሰማው «ቲንክ ቲንክ» ከሚል ድምፅ የመጣ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምናለሽ ተራ ቆሞ የበርሜል ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን የተመለከተ ሰው ምክንያቴን ይረዳልኛል፤ ቀጥቃጩ መዶሻውን ያሳርፋል፣ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፣ ድምፁ ካልጣመው መልሶ ይመታል።

ሙያው ግን የተናቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1572 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ያለ ሁለት ዳኞች ፈቃድ የሚዞረውን ቲንከር ከወሮበላ ቆጥሮ ያስገርፈው ነበር። ግሡም «እንደ ነገሩ መጠጋገን» የሚል የንቀት ትርጉም ያዘ። ዛሬ ቃሉ ንድፍ ሳይጠብቅ፣ እጁ የገባውን እየፈታና እየገጠመ የሚሞክር ሰው ስም ሆኖ ሲከበር እናያለን፤ ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፍራንሷ ዣኮብም እ.ኤ.አ. በ1977 የሕያዋን አዝጋሚ ለውጥ አሠራሩ ከመሐንዲስ ይልቅ የቲንከርን ይመስላል ብሎ ጽፏል።

እኛም ዘንድ «ጠቢብ» ከሚለው ክቡር ቃል የሚዛመደው «ጠይብ» መሰደቢያ ሆኖ ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል። እንግሊዝኛው በብዙ ዘመን ከስድብ ያወጣውን ቃል አማርኛችን ወደ ስድብ ሊመልሰው አይገባም። «ባለ እጅ» የሚል ቃል አለን፤ እርሱም ማቃለያ የነበረበት ጊዜ መኖሩን አውቃለሁ፣ ከቲንከር ጋር ይበልጥ የሚያመሳስለውም ይኸው ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ እነዚያን ወጣቶች «ሞካሪ ባለ እጆች» ብላችሁ እንድትጠሯቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ