የቋንቋ ጥናት ክበብ የዘንድሮ ውሎ

በመስከረም ከተመዘገቡት ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ግማሾቹ እንግሊዝኛ የምናስጠና መስሏቸው ነበር፤ ቅኔ ሊዘርፉ የመጡም አልጠፉም። ሥራችን ሰው ሲናገር አፉና ጉሮሮው ምን እንደሚያደርጉ መመርመር መሆኑን ስነግራቸው በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አራት ብቻ ቀሩ። አልተከፋሁም፤ የተሰጠችን ክፍል ከዚያ በላይ አትይዝም።

የመጀመሪያው ወር በወረቀት ቁራጭ አለፈ። ስስ ወረቀት ከከንፈር ፊት ተይዞ «ፖሊስ» ሲባል ይርገበገባል፤ «ጳጳስ» ሲባል ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ጰ ስንል ጉሮሯችን ተዘግቶ የሳንባችንን አየር ያግደዋል፤ የሚፈነዳው ከዚያ በላይ የታመቀችው ጥቂት አየር ብቻ ናት። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ትንፋሽን ይዞ «ጥ» ማለት ይቻላል። ልጆቹ ይህን ካወቁ ወዲህ በጠዋት ሰልፍ ላይ ሳይቀር «ጥ፣ ጥ» ሲሉ ርእሰ መምህሩ ጠርተው ምን እያስተማርኩ እንደሆነ ጠይቀውኛል።

ቤቷ ኦሮምኛ የምትናገር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደግሞ «የእኛው ዸስ?» አለች። «ዹፌ» (መጣ) ስትል አየሩ ወደ ውስጥ ሳብ ይላል። ሁላችንም ሞከርን። እኔ እስከ ጥር ድረስ መሳቂያዋ ሆኜ ቆይቻለሁ።

በኅዳር «ይመታል» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሲላላ መቺው ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው። «ገና»ን እና «ዋና»ን ራሳቸው ጨመሩ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። አንዱ ተማሪ «ታዲያ ማን ነገረን?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችንም አይስቱትም።

ከየካቲት ጀምሮ ወደ አያቶቹ ሄድን። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ኢትዮጵያን ሳይረግጥ፣ ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ በተማረው ነው። የእኛ ልጆች ባለዕውቀቱ እቤታቸው ተቀምጦላቸዋል። በየቤታቸው እየቀረጹ የተባለውን እንዳለ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው።

ይህ ከሁሉ ከበዳቸው። አንዱ መንዝ ተወልደው ያደጉትን ሴት አያቱን ቀርጾ «ከቤት» እያለ ጽፏል፤ ቅጂውን ብሰማው እሳቸው የሚሉት «ተቤት» ነው። «ተሳስተው ስለሆነ አረምኩላቸው» አለኝ። ሰዋስው አስተማሪ ነኝና እንዲህ ዓይነቱን እርማት ማን እንዳስለመደው አውቃለሁ። መልሼ ላክሁት።

በሳምንቱ አንድ ገጽ ሙሉ «ተ» ይዞ መጣ፤ «ተዚያ»፣ «ተወንዝ»፣ «ተልጁ»። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጽፏል፦ «ከ ሁሉ ተ ከሆነ ለምን ‹ተተማ› አይሉም?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ዝም አልን። አያትየው «ተከተማ መጣ» ይላሉ። የመጀመሪያው ፊደል መነሻን የሚያመለክት መስተዋድድ ነው፣ ይለወጣል፤ ሁለተኛው የቃሉ አካል ነው፣ አይነካም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሱ ሴት ይህን አንድም ጊዜ ሳያደናግሩ ኖረዋል።

ልጁ ክረምቱን መንዝ ሊያሳልፍ ነው። ሁለት ባዶ ደብተር ሰጥቼዋለሁ።