«ሌሊቱን የት አደሩ?» የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የስፖርት ክበብ ዋንጫ ያመጣል። ሚኒ ሚዲያ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ይሰማል። የእኛ የደሴው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክበብ ሥራ እንደነሱ ለዓይን አይታይም። «ጂኦግራፊ ክበብ ደግሞ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ዘንድሮም አልጠፋም። ዓመቱን ሙሉ የደከሙ ልጆች ስላሉኝ ዝም ብዬ አላልፈውም።

የዘንድሮውን ርዕስ የመረጡት እነሱ ናቸው። መስከረም ላይ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ክፍል ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ከዚያ ተነስተው ጥያቄውን አሰፉት። ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲደርስ ሩቅ ያለ ሰው ምን ይሰማዋል? ምንስ ያደርጋል?

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም። ሐሙስ ሐሙስ ተገናኘን፣ በፈተና ሰሞን ተበተንን፣ መልሰን ተሰባሰብን። ካነበብነው ውስጥ ግን ልጆቹን ያስደነገጣቸውን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሱማትራ አጠገብ ከባሕር በታች የተነሳው መንቀጥቀጥ መጠኑ 9.1 ነበር። ሱናሚው በ14 አገሮች 230 ሺህ ገደማ ሰው ፈጀ። ማዕበሉ ውቅያኖሱን አቋርጦ ሶማሊያ እስኪደርስ ሰባት ሰዓት ገደማ ወስዶበታል። በዚህ ሁሉ ሰዓት ግን በሶማሊያ የባሕር ዳርቻ ላለችው ለሐፉን ሰዎች «ሽሹ» ያላቸው አልነበረም። በሶማሊያ 300 ያህል ሰው ሞተ። ያኔ የሕንድ ውቅያኖስ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረውም። ኬንያ ዜናውን ሰምታ ሰዉን ከባሕር ዳርቻ አስወጣች፤ እዚያ የሞተው አንድ ሰው ነው። ሩቅ ሆኖ ዜና መስማት ነፍስ ያድናል፤ የሰማው ሰው ከተነሳ።

በዚያው ቀን ታይላንድ ፑኬት ላይ ለእረፍት የሄደች የ10 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ ባሕሩ አረፋ ሲደፍቅ አየች። ከሁለት ሳምንት በፊት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የተማረችው ምልክት ነበር። ጮኸች፣ ወላጆቿ ሰሟት፣ የባሕር ዳርቻው ሰው ሸሽቶ ተረፈ። ጂኦግራፊ ምን ይጠቅማል ለሚሉኝ ወላጆች ይህን ሳልነግር ቀርቼ አላውቅም።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓን ላይ የደረሰውንም አየን። በመጠን 9.0 ነበር። ያኔ ራሷ ጦርነት ላይ የነበረችው የአፍጋኒስታኗ ካንዳሃር ለጃፓን 50 ሺህ ዶላር እሰጣለሁ አለች። ጦርነት በደጃፉ ያለፈ የደሴ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አንባቢ ያውቀዋል። ያን ቀን ልጆቹ ደወል ከተደወለ በኋላም አልወጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ወላጅ ሚኒባሳቸውን ሰጡን። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። የሄድነው በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴ በመንቀጥቀጥ ሲፈርሱ ማጀቴ ወደነበሩ አንዲት እናት ቤት ነው። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ቡና አፍልተው ጠበቁን። አቦሉ ሳይወርድ ተማሪዎቹ ደብተራቸውን አወጡ።

ጠያቂው ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ከወረቀቱ አነበበ፦ «እማማ፣ በ1997 የሱናሚውን ዜና ሲሰሙ ምን ተሰማዎት?»

እሳቸውም ረከቦቱን ገፋ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ሬዲዮኑ የሞተውን ይቆጥራል። ጎረቤቱም ስንት ሞተ ይላል። እኔ ግን የተረፉት ሌሊቱን የት አደሩ አልኩ። የሚመልስልኝ አጣሁ።»

ማጀቴ ላይ መሬቱ ቶሎ አላረፈም። ቤቱ የቆመለትም ሰው ቤቱን ፈርቶ ሜዳ ላይ ዳስ ጥሎ ያድር ነበር። ክረምቱም እየገባ ነበር። ልጁ ወረቀቱን አጠፈውና እዚያ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀ፦ «እናንተ ጋስ ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር?»

«ከከሚሴ ወገን ያለ ዘመዳችን በአህያ ቆሎና ጀንዲ ጭኖ መጣ። ስድስት ልጆች ነበርን። በዚያ ጀንዲ ላይ ተኛን» አሉት።

ሐረጎን ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ትምህርት ቤታችን ለአዋሽ ፈንታሌ ተፈናቃዮች አሮጌ ልብስ ሊሰበስብ አስቦ ነበር። ልጆቹ «ሸራና ብርድ ልብስ ይሁን» አሉ። ከዚያ የካቲት 7 መጠኑ 6.0 የሆነው መንቀጥቀጥ ሲደርስ ዝርዝራቸው ተዘጋጅቶ ነበር። በየክፍሉ ዞሩ። ያ ዝምተኛ ልጅ ሰልፍ ላይ ማይክ ይዞ ስለ ጀንዲው ተናገረ። የተሰበሰበውን በከተማው ለሚሰባሰበው እርዳታ አስረክበናል።

ያልተሳካም አለ። ማጀቴ ድረስ ለመሄድ አስበን መንገዱ አልተመቸንም። በወላጆች ቀን የጃፓኑን ቪዲዮ ልናሳይ ስንል መብራት ሄደ። ፎቶ ኮፒው ከኪስ ነው። የዓለም ካርታችን በእጥፋቱ ተቀዶ የሕንድ ውቅያኖስ በፕላስተር ተያይዟል። ስለ ሱናሚ የምናስተምረው በዚያ ነው። ለማሊያ ገንዘብ ሲገኝ ለካርታ የሚጠፋበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። በጦርነቱ ጊዜ የጠፋው ዕቃም አልተተካም።

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት ከአፋር ስምጥ አፋፍ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተሰንጥቋል፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም። እኛም ነገ ሌላው ስለኛ የሚሰማ ሰዎች ልንሆን እንችላለን።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው አዲስ የዓለም ካርታ፣ የአንድ ጉዞ ነዳጅ፣ እንዲሁም ባለ ፎቁ ሕንፃ ላይ የመውጫ ልምምድ የምናደርግበት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። የ1953ቱን የሚያስታውስ አባት ወይም እናት በቤታችሁ ካሉ ደግሞ ስማቸውንና ሰፈራቸውን በልጃችሁ ላኩልን። ቡናውን ይዘን እንመጣለን።