ለአራት አሮጌ መኪኖች መንገድ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምህ? ቤተሰቡስ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት ነውና ይቅር በለኝ። ከጓደኞችህ ጋር በአራት ክላሲክ መኪኖች ሐምሌ ላይ የአልፕስን ተራሮች ልታቋርጡ፣ እሱ ከተሳካ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በቱርክ በኩል እስከ ፓኪስታን ልትዘልቁ ማሰባችሁን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። አንተንም መኪኖቹንም ስለምወድ የማውቀውን ሳልቆጥብ እጽፍልሃለሁ።

አሮጌ መኪና ሰው አገር ላይ የምትቆመው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነገር ነው፦ በደረቀ ቱቦ፣ በፈላ ቤንዚን፣ ባልተመታ ማህተም። ለሞተሩ ሁሉም ይጨነቃል፤ የአርባ ዓመት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ከፍሬኑ ልጀምር፤ በሌላው ብትቸኩሉ እንኳ በዚህ እንዳትቸኩሉ። የ1960ዎቹ መኪኖች ብዙዎቹ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። ስለዚህ ወደ እግሮቹ የሚወርዱትን የጎማ ቱቦዎች ከላይ ደህና ቢመስሉም ቀይሯቸው። ቱቦው ከውስጥ ሲያብጥ ዘይቱ ተገፍቶ ይገባል እንጂ ቶሎ አይመለስም፤ ያ እግር ፍሬን እንደያዘ ይቀርና ይግላል። የፍሬን ዘይቱንም ሁለት ዓመት ከሞላው አፍስሳችሁ አዲስ ሙሉ። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፤ ከአየር ላይ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚያስገድደው 155 ዲግሪን ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ልዩነት ሕይወት ነው። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ እንደረገጥክ ሆኖ ወለሉ ድረስ ይወርዳል።

በጣሊያን አልፕስ ያለው የስቴልቪዮ መተላለፊያ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በፕራቶ መንደር በኩል ብቻ 48 ጠባብ መታጠፊያ አለው። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣችሁት ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረዱት። ፍሬኑን አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፤ ለስለስ አድርጎ ይዞ መቆየት ታምቡሩን ያግለዋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ስትቆሙ የእጅህን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ። በቀኝና በግራ ያሉት እኩል መሞቅ አለባቸው። አንዱ ብቻውን ከጋለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይ ኩሽኔታው እየሞተ ነው፤ ሳታጣሩ እንዳትነሱ። በየ100 ኪሎ ሜትሩ ይህን ብታደርጉ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅባችሁም።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ክፍት ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ መለኪያው ገና ቀይ ሳይነካ ውሃው ይገነፍላል። የክዳኑ ጎሚኒ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን የ7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ክዳን በደንብ ሲገጥም የመፍያውን ነጥብ በ12 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሞተሩም በቀጭኑ አየር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ስለሚያበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ለአንድ ቀን ከፍታ ብላችሁ ካርቡሬተሩን አትነካኩ። ዝቅ ባለ ማርሽ፣ በረጋ መንፈስ ውጡ።

ቤንዚን መፍላት የሚመጣው በተለይ ከቆማችሁ በኋላ ነው። ሞተር ሲጠፋ ውሃውም ቬንትሌተሩም ይቆማል፤ የብረቱ ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ በነዳጅ ፓምፑና በካርቡሬተሩ ላይ ይከማቻል። መኪናዋ ትነሳለች፣ ጥቂት መቶ ሜትር ትሄዳለች፣ ከዚያ ነዳጅ እንዳለቀባት ተንተፋትፋ ትቆማለች። ባትሪ እስኪደክም ሞተር ማስነሳት ከንቱ ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፣ በፓምፑና በነዳጅ መስመሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉ (የጋለ ማርሚታና የሞተር ብረት ላይ ውሃ እንዳይፈስ ብቻ ተጠንቀቁ)፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ። ለዘለቄታው ግን የነዳጅ መስመሩን ከማርሚታው አርቁት፤ ፋብሪካው ያደረገው የሙቀት መከለያ ተጥሎ ከሆነም አስመልሱት። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ የድሮውን ጎማ ቱቦም ይበላል። ማደያ ላይ ኢ10 እና ኢ5 (እስከ አሥርና እስከ አምስት በመቶ ኢታኖል ያለባቸው) ካያችሁ ኢ5ን ምረጡ፤ ቱቦዎቹንም ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል የነዳጅ ቱቦ ደረጃ በተጻፈባቸው ለውጡ።

አሁን ወደ ሞተሩ እሳት፣ ማለት ካንዴላው ላይ ወደሚዘለው ብልጭታ ልምጣ። የፑንቲናው (ብልጭታ እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጠው መገናኛ) ክፍተት ከአራቱ አንዱ በሆነው ቮልስዋገን 0.40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌሎቹን ከየመጽሐፋቸው አውጥታችሁ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ ጻፉት። ሞተሩን በእጅ አዙሩ፤ የፑንቲናው ተረከዝ የካሙ (በዲስትሪቢዩተሩ መሃል የሚዞረው ጎባጣ ዘንግ) ጫፍ ላይ ሲወጣ አቁሙ፤ ብሎኑን አላሉ፤ መለኪያዋን አስገቡ፤ ሳትጫን ትንሽ ያዝ እያደረጋት ማለፍ አለባት። ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ክፍተቱን ያዛባዋልና። ተረከዙ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ካሙ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ግሪስ ካኖራችሁ መበላቱ ይዘገያል።

ከፑንቲናው ጋር የሚሠራውን ኮንደንሰር በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። አዲስ የሚሸጡት ብዙዎቹ እምነት አይጣልባቸውም። ከመነሳታችሁ ከአንድ ወር በፊት አዲሱን ግጠሙና 500 ኪሎ ሜትር ንዱ፤ ከያዘ ይቆይ፣ የወጣውን ጤነኛ አሮጌ ግን ጠቅልላችሁ ዕቃ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። በመጨረሻው ወር ምንም ትልቅ ነገር አትፍቱ።

መለዋወጫን በተመለከተ አራቱ መኪኖች አራት ዓይነት ስለሆኑ አንዱ ለሌላው አይሆንም። እያንዳንዱ የራሱን ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ራዲያተር ካላት የራዲያተር ቱቦ፣ የፍሪሲዮን ገመድና አምፖል ይያዝ። የጋራው 2 ሜትር የነዳጅ ቱቦ ከማሰሪያው ጋር፣ ሦስት ማጣሪያ፣ 5 ሊትር የሞተር ዘይት፣ 10 ሊትር ውሃ፣ ያልተከፈተ አንድ ሊትር የፍሬን ዘይት፣ መልቲሜትር፣ ሽቦና መጎተቻ ገመድ ነው። እሳት ማጥፊያ ግን በእያንዳንዱ መኪና ይኑር፣ ሾፌሩ ቀበቶውን ሳይፈታ በሚደርስበት ቦታ። ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ፤ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፣ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለዚህ መንገድ አይሆንም።

ሰልፉን ስታዘጋጁ ደካማዋን መኪና ከፊት አድርጓት። ከኋላ ከሆነች ለመድረስ ትታገላለች፣ ትሞቃለች፣ ትሰበራለች። ዕቃ ሳጥኑንና እጁ የሚሠራውን ሰው መጨረሻ ላይ አድርጉ። መንገድ በምትቀይሩበት መታጠፊያ ላይ እያንዳንዱ ሾፌር ከኋላው ያለው እስኪያየው ይቁም፤ ይህን ሁሉም ከጠበቀ ስልክ ባይሠራም ማንም አይጠፋም። ፍጥነታችሁ 80፣ የቀኑ መንገድ ከ250 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ እመክራለሁ። ነዳጅ የምትቀዱትም በትንሹ ታንክ ልክ ነው፦ 30 ሊትር ይዛ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ ካለች፣ 250 ላይ አራቱም ይቅዱ። አንዲት መኪና ብትሰበር ስንት ቀን እንደሚጠበቅና ወጪው እንዴት እንደሚከፈል ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙና ጻፉት። ድካምና ዝናብ ባለበት ምሽት የሚነሳ የገንዘብ ክርክር ወዳጅነት ያቀዘቅዛል።

የመጨረሻው ወረቀቱ ነው። ለኢራንና ለፓኪስታን ካርኔ የሚባለው የጉምሩክ ሰነድ ያስፈልጋችኋል፤ በአውቶሞቢል ክለብ በኩል በዋስትና ይወጣል፣ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው። ስትገቡ ጉምሩኩ የመግቢያውን ቀድዶ ይወስዳል፣ ስትወጡ የመውጫውን፤ እናንተ ጋ በሚቀረው ጉርድ ላይ ግን ሁለት ማህተም መኖር አለበት። የመውጫው ማህተም ከጎደለ መኪናዋ እዚያው እንደተሸጠች ተቆጥሮ ዋስትናው ሊጠየቅ ይችላል። ድንበሩ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ ጉርዱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትንቀሳቀሱ። ሞተሯ የተለወጠ መኪና ካለች የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን አሁኑኑ አረጋግጡ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ሁለት ዓይነት ነው፦ በ1949ኙ ስምምነት የሚሰጠው አንድ ዓመት፣ በ1968ቱ የሚሰጠው እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ የትኛው አገር የትኛውን እንደሚቀበል በየአገሩ ጠይቁ። ከአገር ውጭ ለመንዳት በሚያገለግለው አረንጓዴ የመድን ካርድ ላይ የተሰረዘ የአገር ምልክት ካለ መድኑ እዚያ አይሠራም።

የአራቱን መኪኖች ሞዴልና ዓመት፣ የባትሪያቸውን ቮልት፣ ዲናሞ ይሁን ኦልተርኔተር ጻፍልኝ። ዲናሞ ያላት ካለች በዳገት ላይ ቀስ ስትል ባትሪ ስለማትሞላ የማታ መንገድ እንዳታስቧት። የየመኪናውን የፑንቲናና የቫልቭ ክፍተት በአንድ ወረቀት አሰናድቼ እልክልሃለሁ፤ ከመነሳታችሁ በፊት እንዲደርስህ ቀኑን አትርሳብኝ።

ወዳጅህ